ሠላሳ ሰከንድ ከኋላ፦ አንድ የባሕር ጠለል ርክክብ

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2021 ላይ፣ ከምድር በላይ 1336 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የምትበር አንዲት ሳተላይት ትእዛዝ ደረሳት። ስትለኪበት የቆየሽውን ራዳር አጥፊ፣ መጠባበቂያውን አብሪ የሚል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳተላይቷ ሴንቲኔል-6 ማይክል ፍራይሊክ ትባላለች። ወደ ጠፈር ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ሥራዋ የዓለምን ባሕር ከፍታ መለካት ነው። ዋናው መሣሪያዋ ፖሳይደን-4 የሚባል ራዳር ሲሆን ሁለት ጎን ኖሮት ተሠርቷል። ጎን ሀ እና ጎን ለ እንበላቸው። ጎን ሀ ላይ ያልተጠበቀ ለውጥ ታየ። ስለዚህ ወደ ጎን ለ ተዛወረች።

ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። መጠባበቂያ የሚገጠመው ለዚህ አይደል? የባሕርን ከፍታ ለሚከታተሉ ሰዎች ግን ልብ የሚያንጠለጥል ቀን ነበር። ከ22 ዓመት በፊት ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ያውቃል። ያን ጊዜ የተፈጠረው ስህተት ተለይቶ እስኪታረም ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

የ2021ዱ ግን ያን ያህል ጣጣ አላመጣም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው፦ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ዘጠኝ ሚሊሰከንድ

መጀመሪያ ሥራውን እንየው። ሳተላይቷ ቁልቁል የራዳር ምልክት ትልካለች። ምልክቱ የባሕሩን ገጽ መትቶ ይመለሳል። ደርሶ መልሱ 9 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከዚህ ጊዜ ላይ ርቀቱ ይሰላል። ሳተላይቷ ራሷ በምን ከፍታ ላይ እንዳለች በሌሎች መሣሪያዎች ይታወቃል። ከዚያ ከፍታ ላይ ርቀቱ ሲቀነስ የባሕሩ ከፍታ ይወጣል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ቁጥሩ ግን ጠጋ ሲሉት ያስደነግጣል። ባሕሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ምልክቱ ቀድሞ የሚመለሰው በ67 ፒኮሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ፒኮሰከንድ ማለት አንድ ሰከንድ ለትሪሊዮን ሲካፈል ነው። የምንፈልገው ደግሞ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይደለም። የዓለም ባሕር በአማካይ ከፍ የሚለው በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው።

አንድ ምልክት ብቻውን ይህን ሊነግረን አይችልም። ማዕበል አለ፣ ነፋስ አለ፣ በየቀኑ ከፍና ዝቅ የሚለው የባሕር ሙላት አለ። ሳተላይቷ በ10 ቀን ገደማ ውስጥ ምድርን 127 ጊዜ ዞራ ወደ መጀመሪያ መንገዷ ትመለሳለች። በእነዚያ ቀናት የሰበሰበችው ሁሉ አንድ ላይ ሲሰላ ነው አማካዩ ጥርት ብሎ የሚወጣው።

አየሩም የራሱ ጣጣ አለው። እርጥበት ያዘለ አየር ምልክቱን ያዘገየዋል። ምልክቱ ሲዘገይ ባሕሩ የራቀ፣ ማለትም ዝቅ ያለ ይመስላል። በሞቃትና እርጥብ አካባቢ ስህተቱ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ሲባል ከራዳሩ ጎን በአየሩ ውስጥ ያለውን የውኃ እንፋሎት የሚለካ ማይክሮዌቭ ራዲዮሜትር ተገጥሟል። ከዚያ በላይ ባለው የከባቢ አየር ክፍል ያሉ ኤሌክትሮኖችም ምልክቱን ያዘገያሉ። ራዳሩ በሁለት የተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች የሚሠራው ይህን ለይቶ ለማውጣት ነው።

ይሄ ሁሉ ይታረማል እንበል። አንድ ነገር ግን ይቀራል። መሣሪያው ራሱ ቢያረጅና በየዓመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ቢያዛባስ? ባሕሩ ነው የጨመረው ወይስ ሜትሩ ነው ያጠረው? ከላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ነው የሚታዩት።

የ1999 ጠባሳ

የዛሬው የባሕር ጠለል መዝገብ የሚጀምረው ቶፔክስ ፖሳይደን ከተባለችው ሳተላይት ነው። አሜሪካና ፈረንሳይ በጋራ ሠርተዋት ኦገስት 10 ቀን 1992 ከፈረንሳይ ጊያና፣ ከኩሩ ተወነጨፈች። ሦስት ዓመት ትሠራለች ተብላ 13 ዓመት ሠራች። በ1997 እና 98 የመጣውን ከባድ ኤል ኒኞ ውኃው በፓስፊክ ላይ ሲከመር ከላይ ያሳየችን እሷ ናት። በእኔ እይታ ስለ ባሕር ያለንን እውቀት እንደ እሷ የለወጠ ሳተላይት የለም።

የእሷም ዋና ራዳር ሁለት ጎን ነበረው። የመጀመሪያው ጎን ለስድስት ዓመት ያህል ሠርቶ እያረጀ መጣ። ፌብሩዋሪ 1999 ላይ ጠፋና ሁለተኛው በራ።

ሁለቱ ጎኖች አንድ ላይ መሥራት አይችሉም። አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። በዚያው መንገድ ላይ ከኋላዋ ተከትላ ያንኑ ውኃ የምትለካ ሌላ ሳተላይትም አልነበረችም።

ዕቃ ቤት ያስረከበ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ርክክብ የሚባለው አስረካቢውና ተረካቢው ፊት ለፊት ቆመው አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ነው። አስረካቢው ትናንት ሄዶ ተረካቢው ዛሬ ቢመጣ፣ ጉድለት ሲገኝ ማንን ትጠይቃለህ? በ1999 የሆነው ይህ ነው። አሮጌውና አዲሱ ሳይተያዩ ተላለፉ።

ተመራማሪዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። የሳተላይቷን ቁጥር ወደብ ላይ ከተተከሉ የባሕር ከፍታ መለኪያዎች ጋር አመሳከሩ። እነዚህ መለኪያዎች ግን ያሉት ዳርቻ ላይ ነው፤ አንዳንዱ የቆመበት መሬት ራሱ ይሰምጣል ወይም ከፍ ይላል። ብዙ ዓመት ካልተጠራቀመ በስተቀር ትንሽ መዛባትን አያሳዩም።

ዓመታት ተጠራቀሙ። ከ2010 በኋላ የወጡ ጥናቶች አንድ ነገር ደጋግመው አሳዩ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት፣ ማለትም የአሮጌው ጎን ዘመን፣ ባሕሩ ከጨመረው በላይ የጨመረ አስመስለው ነበር። ራዳሩ ራሱን ለማረም የሚጠቀምበት ውስጣዊ እርማት ነበር ችግር ያመጣው።

የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው፣ ምን ያህል ያሳስባል ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። መጀመሪያ ላይ ያለው ጭማሪ ከእውነቱ በላይ ፈጣን ከመሰለ፣ በኋላ የመጣው እውነተኛ ፍጥነት አዲስ ነገር አይመስልም። መስመሩ ቀጥ ያለ ሆኖ ይታያል። ባሕሩ እየጨመረ ብቻ ሳይሆን ጭማሪው ራሱ እየፈጠነ መሆኑ በዚህ ምክንያት በሳተላይቶቹ መዝገብ ውስጥ ተሸፍኖ ቆየ።

እርማቱ ሲደረግ ምስሉ ተገለጠ። በ2018 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ስቲቭ ኔረምና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ፍጥነቱ በየዓመቱ በ0.084 ሚሊ ሜትር እየጨመረ መሆኑን አሳዩ። ቁጥሩ በዓይን አይሞላም። ግን በየዓመቱ ሲደራረብ ምን እንደሚሆን እዩ፦ በ1993 በዓመት 2.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረው የጭማሪ ፍጥነት ከ30 ዓመት በኋላ 4.5 ገደማ ደርሷል። ከእጥፍ በላይ ነው።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይከብደኛል። የባሕር ግንብ የሚያቅዱ፣ ወደብ የሚሠሩ፣ ዝቅተኛ ደሴት ላይ የሚኖሩ ሰዎች ይህን ቁጥር ነው የሚጠብቁት። ውኃው እየፈጠነ ሲመጣ መዝገቡ ግን ቀጥ ያለ መስመር ያሳይ ነበር። ማንም ዋሽቶ አይደለም። ርክክቡ ያለ ምስክር ስለተደረገ ብቻ ነው።

ተከታትሎ መብረር

ከቶፔክስ በኋላ ጄሰን-1 በዲሴምበር 2001፣ ጄሰን-2 በጁን 2008፣ ጄሰን-3 በጃንዋሪ 2016 ወጡ። እያንዳንዷ ስትመጣ ከቀዳሚዋ ጋር በአንድ መንገድ ላይ ለወራት ተከታትለው በረሩ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው።

የዚህ ዘዴ ውበቱ እንዲህ ነው። ሁለቱ በአንድ ደቂቃ ልዩነት በአንድ ውኃ ላይ ያልፋሉ። እያንዳንዱ ማዕበል በዚያች ደቂቃ ተለዋውጧል። የባሕሩ ጠባይ ግን ያው ነው። የማዕበሉ አማካይ ቁመት ያው፣ እርጥበቱ ያው፣ የባሕሩ ሙላት ያው። ስለዚህ የአንዷን ቁጥር ከሌላዋ ስትቀንስ እነዚህ ሁሉ ይጠፋፋሉ። ያ ሁሉ የአየር እርማት እንኳ አያስፈልግም። የሚቀረው የሁለቱ መሣሪያዎች ልዩነት ብቻ ነው።

ያ ልዩነት ቀላል አይደለም። አዲስ ሳተላይት ስትመጣ ከቀዳሚዋ ጋር በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ልዩነት ማሳየቷ የተለመደ ነው። ከ1993 ወዲህ ባሕሩ በጠቅላላ የጨመረው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን አስታውሱ። ልዩነቱ በትክክል ካልታወቀ መዝገቡ እዚያው ላይ ይሰበራል።

ዋጋው ግን ውድ ነው፤ የሚቃወሙም አሉ፣ ክርክራቸውም እውነት አለው። የአንዷ ሳተላይት መስመሮች ምድር ወገብ ላይ በ315 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ሁለተኛዋ በመካከል ባለው ክፍት ቦታ ብትበር ክፍተቱ በግማሽ ይቀንሳል። ለባሕር ሞገድ ትንበያ፣ ለአውሎ ነፋስ ትንበያ ያ በጣም ይጠቅማል። ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ማስለፍ ማለት ለአንድ ዓመት ያህል የሁለት ሳተላይት ገንዘብ አውጥቶ የአንዷን ያህል ባሕር ማየት ነው።

እኔ የማምነው ግን ገንዘቡ የትም አልፈሰሰም ብዬ ነው። የ2021ዱን ጉዳይ የማነሳው ለዚህ ነው።

2020 – 2022

ሴንቲኔል-6 ማይክል ፍራይሊክ ኖቬምበር 21 ቀን 2020 ከካሊፎርኒያ፣ ከቫንደንበርግ በፋልከን 9 ሮኬት ወጣች። ሳተላይቷን ያመጡት የአውሮፓ ኅብረት፣ የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ፣ የአውሮፓ የሜትሮሎጂ ሳተላይቶች ድርጅት ዩሜትሳት፣ የአሜሪካዎቹ የጠፈር ተቋም ናሳ እና የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም ኖኣ ተባብረው ሲሆን፣ የፈረንሳይ የጠፈር ኤጀንሲም ድጋፍ ሰጥቷል። ስሟን ያገኘችው ከ2006 እስከ 2019 የናሳን የምድር ሳይንስ ክፍል ከመራው የውቅያኖስ ተመራማሪ ነው። ፍራይሊክ ስሙ መሰጠቱን በሕይወት እያለ ሰምቷል። ስትወነጨፍ ግን አላየም። ከሦስት ወር ተኩል በፊት፣ በኦገስት 2020 አረፈ።

መልኳ የቤት ጣሪያ ይመስላል። የፀሐይ ኃይል የሚሰበስቡት ገበታዎች እንደ ክንፍ ተዘርግተው ፀሐይን እየተከተሉ አይዞሩም። ግራና ቀኝ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተጋድመዋል። ይህ የሆነው በምህዋሯ ምክንያት ነው። ብዙ የምድር መከታተያ ሳተላይቶች በአንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ያልፋሉ። እሷ ግን በየጊዜው በተለያየ ሰዓት ነው የምታልፈው። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ብታልፍ ኖሮ በፀሐይ ስበት የሚመጣውን የባሕር ሙላት ሁልጊዜ በአንድ ደረጃው ላይ ታገኘው ነበር፤ ከእውነተኛው ጭማሪም መለየት ያቅታት ነበር።

ራዳሯ ከቀደሙት የተሻለ ነው። በበረራዋ አቅጣጫ እስከ 300 ሜትር ድረስ ጠጋ ብሎ ያያል። ችግሩ አዲስ አሠራር አዲስ ስህተት ይዞ ሊመጣ መቻሉ ነው። የሠሪዎቹን ብልሃት የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ፖሳይደን-4 በአዲሱም በአሮጌውም መንገድ በአንድ ጊዜ እንዲለካ አድርገው ሠሩት። ከሱ በፊት ይህን ያደረገ የለም። አሮጌው አሠራር ከጄሰን-3 ጋር ያስተያያል። አዲሱ ደግሞ በአሮጌው ይመሳከራል።

በዲሴምበር 2020 አጋማሽ አልፎ ቦታዋን ያዘች። ከጄሰን-3 ኋላ፣ በ30 ሰከንድ ልዩነት። በመካከላቸው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አለ። እንደ ሳተላይት ፍጥነት ግን ተረከዝ ለተረከዝ መከተል ማለት ነው። ዕቅዱ ለ12 ወር ነበር።

ከዚያ ሴፕቴምበር መጣ፣ ጎን ሀ ጠፋ፣ ጎን ለ በራ።

አሁን ከ1999ኙ ጋር አስተያዩት። የመሣሪያው ሁለት ጎኖች አሁንም እርስ በርስ አይተያዩም። ግን ሁለቱንም የሚያውቅ ሦስተኛ አካል በአካባቢው አለ። ጄሰን-3 ለዘጠኝ ወር ያህል ከጎን ሀ ጋር በአንድ ውኃ ላይ አልፋለች። በማግስቱ ከጎን ለ ጋር በዚያው መንገድ ቀጠለች። የጎን ሀ ልዩነት ከጄሰን-3 ጋር ይህን ያህል፣ የጎን ለ ደግሞ ይህን ያህል ከሆነ የሁለቱ ልዩነት ወዲያው ይወጣል። ወደብ ላይ ያሉ መለኪያዎች ዓመታት እስኪያጠራቅሙ መጠበቅ አያስፈልግም።

ኃላፊዎቹ ሌላም ትክክለኛ ነገር አደረጉ። ቀኑ ደርሷል ብለው አልተጣደፉም። ጎን ለ በቂ ጊዜ እንዲያገኝ ጥንድ በረራው ከ12 ወር አልፎ እስከ ኤፕሪል 2022 ተራዘመ። ትንበያ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሁለተኛዋን ሳተላይት ለተጨማሪ ወራት መጠበቅ ነበረባቸው። በማርች 2022 ሴንቲኔል-6 የዓለም ባሕር ጠለል ዋና ማጣቀሻ ሆነች። በኤፕሪል ጄሰን-3 ከመንገዱ ወጥታ በመስመሮቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ መብረር ጀመረች። ትንበያዎቹ የሚፈልጉት ቦታ ላይ ማለት ነው።

ሁለቱም ቢሳሳቱስ?

ጥንድ በረራ ሁሉን አይፈታም። አስረካቢውም ተረካቢውም አንድ ዓይነት ስህተት ቢሠሩ ቆጠራው ይገጥማል፣ ዕቃው ግን ጎድሏል። ስለዚህ ከመሬት የሚመሰክር ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ምስክሮች ደስ የሚለኝ በግሪክ፣ በቀርጤስ ደሴት ተራራ ላይ ያለው ነው። እዚያ ማዕበልም ውኃም የለም። ያለው ከሳተላይቷ የመጣውን የራዳር ምልክት ተቀብሎ፣ አጉልቶ ወደ ላይ የሚመልስ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የቆመበት ከፍታ በጥንቃቄ ተለክቶ ይታወቃል። ሳተላይቷ በላዩ ስታልፍ የምትለካው ርቀት ከሚታወቀው ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም? ጥያቄው ይኼው ነው። በካሊፎርኒያ ዳርቻ ሃርቨስት የተባለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ ከቶፔክስ ዘመን ጀምሮ ለዚሁ ሥራ አገልግሏል። በፈረንሳይ ኮርሲካና በአውስትራሊያ ባስ የባሕር ወሽመጥም ተመሳሳይ ጣቢያዎች አሉ።

መሣሪያን ማመን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ አንድ አጋጣሚ ላንሳ። በ2010 እና 2011 የዓለም ባሕር ጠለል በድንገት በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ አለ። ሁሌ የሚጨምር ነገር ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መሣሪያው ነው። መሣሪያው ግን ትክክል ነበር። ያ ዘመን የኃይለኛ ላ ኒኛ፣ ማለትም የኤል ኒኞ ተቃራኒ የሆነው ክስተት፣ ዘመን ነው። ብዙ ውኃ ከባሕር ተነሥቶ በአውስትራሊያ፣ በደቡብ አሜሪካና በሌሎች አካባቢዎች መሬት ላይ ዘንቦ ነበር። የምድርን ስበት የሚለኩት የግሬስ ሳተላይቶች መሬቱ በውኃ መክበዱን አረጋገጡ። ውኃው ተመልሶ ወደ ባሕር ሲገባ ጠለሉም ወደ ቀድሞ ጭማሪው ተመለሰ። ርክክቡ የተበላሸ መዝገብ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ታሪክ እንደ ብልሽት ቆጥረን እናልፈው ነበር።

ቀጣይዋ

ሴንቲኔል-6 ስትታቀድ አንድ ሳትሆን ሁለት ሆና ነው። መንትያዋ ሴንቲኔል-6ቢ ተሠርታ ካለቀች በኋላ ጀርመን ውስጥ ተራዋን ስትጠብቅ ቆየች። ኖቬምበር 2025 ላይ ከዚያው ከቫንደንበርግ፣ በዚያው በፋልከን 9 ወጣች። የምትወርሰው መንገድም ያው ነው፦ 1336 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ከምድር ወገብ አንጻር 66 ዲግሪ ያዘነበለ፣ ቶፔክስ በ1992 የጀመረችው።

መንትያ ከሆኑ ለምን መመሳከር ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ንድፍ ነው የተሠሩት። መልሱ ጎን ሀ ላይ አለ። እሱም ከጎን ለ ጋር መንትያ ነበር።

ስለዚህ ለ6ቢ የተያዘላት ቦታ አዲስ አይደለም። ከእህቷ ኋላ፣ በዚያው መስመር፣ በሠላሳ ሰከንድ ልዩነት። የፊተኛዋ ምልክት ከውኃው ተመልሶ ሠላሳ ሰከንድ ሲቆጠር፣ የኋለኛዋ ምልክት በዚያው ውኃ ላይ ያርፋል።